የመጨረሻዋ ጀልባ ዘጠኝ ተኩል ላይ ናት

(ጠዋት ሦስት ሰዓት፤ ከአንዲት ትንሽ የአላስካ የዓሣ ከተማ ፊት ለፊት መልህቁን ጥሎ በቆመ የመንገደኞች መርከብ ውስጥ፣ በጀልባ ወደ ከተማዋ የሚሻገሩ ሰዎች ተራ በሚጠብቁበት አዳራሽ፣ ከደሴ የመጣችው እትዬ አመለወርቅና ሲያትል የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ምንተስኖት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።)

ምንተስኖት፦ አልወርድም አልኩሽ፣ እትዬ። ስንት ጊዜ ልበል?

አመለወርቅ፦ እስክትወርድ ድረስ በለው። ቁጥራችን ስንት ነው?

ምንተስኖት፦ ሃያ ሦስት።

አመለወርቅ፦ መጨረሻ የተጠራውስ?

ምንተስኖት፦ ዘጠኝ። እሱም ከተጠራ ግማሽ ሰዓት አልፎታል። ጉሙን አታዪውም? ጀልባዎቹ ቆመዋል።

አመለወርቅ፦ ጉም ይገፈፋል።

ምንተስኖት፦ ቢገፈፍም ቀድመው የሚወርዱት ሽርሽሩን ከመርከቡ የገዙት ናቸው። ዓሣ ነባሪ የሚያዩት፣ የበረዶ ተራራ የሚያዩት። እንደኛ በራሱ የሚወርድ ሰው መጨረሻ ነው። ደግሞ እነሱ ቢዘገዩ መርከቡ ይጠብቃቸዋል፤ እኛን ግን አይጠብቀንም። የመጨረሻዋ ጀልባ ዘጠኝ ተኩል ላይ ናት፤ ካመለጠችን አመለጠችን ነው።

አመለወርቅ፦ ትናንትም ነግረኸኛል፣ ከትናንት ወዲያም ነግረኸኛል። እኔ ይህን ሁሉ ባሕር ያቋረጥኩት ዓሣ ነባሪ ለማየት አይደለም፤ ወንድሜ ዘንድ ልሄድ ነው።

ምንተስኖት፦ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።

አመለወርቅ፦ ያቺ ሹራብ የምትሠራው አሮጊት ናት አማርኛ የምትሰማኝ? እናታችን ከሞተች አሥራ አራት ወር። አሥራ አራት ወር፣ ምንተስኖት! ስንሻው እስከ ዛሬ በሕይወት ያለች መስሎት ሰላምታ ይልክላታል። ይህን ቀስ ብዬ የምናገርበት አንጀት የለኝም።

ምንተስኖት፦ ለኔም እኮ እናቴ ናት።

አመለወርቅ፦ ማን አይደለችም አለህ?

ምንተስኖት፦ እንግዲያው ከሳሼ አትሁኚ። እሱ ልቡን በቀዶ ጥገና በተቀደደ በሁለተኛው ሳምንት ነው እማዬ ያረፈችው። ሐኪሙ አታስደንግጡት አለ። አንቺም በስልክ «ዝም በሉ፣ እስኪያገግም» አላልሽም?

አመለወርቅ፦ ብያለሁ። እስኪያገግም ነው ያልኩት፤ እስኪያረጅ አላልኩም። ሐኪሙ ስድስት ወር አለ። አንተ ግን «በገና እሄዳለሁ»፣ «ለፋሲካ እሄዳለሁ»፣ «ሥራ በዛብኝ»... ሁለት ሰዓት የማይሞላ የአውሮፕላን መንገድ ከደሴ እኔን ጠበቀ? እሱንም በመርከብ ይሻላል ብለህ አራዘምከው።

ምንተስኖት፦ እሺ፣ ዕቅድሽን ንገሪኝ። እስቲ አንድ በአንድ።

አመለወርቅ፦ አራት ሰዓት ላይ ብንሻገር፣ ለተብርሃን መኪናዋን ይዛ ባሕሩ ዳር ትጠብቀናለች።

ምንተስኖት፦ ያቺ አብራው ፋብሪካ የምትሠራው ኤርትራዊት?

አመለወርቅ፦ እሷ። ቤቱ ከድልድዩ ማዶ ሃያ ደቂቃ ነው። «እንግዳ አለብህና ከቤት እንዳትወጣ» ትለዋለች። አራት ያህል የሥራ ባልደረቦቹን በየሰበቡ ጠርታልኛለች። ሲያትል ያሉት አባም በስልክ ይጠብቃሉ፤ ጸሎት ያደርሱልናል። እንገባለን፣ እንቀመጣለን፣ መድኃኒቱን መዋጡን አረጋግጣለሁ፣ ከዚያ እነግረዋለሁ።

ምንተስኖት፦ ከዚያስ?

አመለወርቅ፦ ከዚያ እናለቅሳለን።

ምንተስኖት፦ እስከ ስንት ሰዓት?

አመለወርቅ፦ ምን ማለትህ ነው?

ምንተስኖት፦ ስምንት ተኩል ላይ መነሳት አለብሽ። ድልድዩ አለ፣ የጀልባው ሰልፍ አለ። እሱ መሬት ላይ እየተንከባለለ አንቺ ሰዓትሽን ልታዪ ነው? መርዶ ነግሮ የሚሄድማ ቁራ ነው።

አመለወርቅ፦ ቁራ ልሁና! ቁራም ቢያንስ ይናገራል።

ምንተስኖት፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

አመለወርቅ፦ አሥራ አራት ወር ቆይቶ የምን ችኮላ ነው? ተረቱን ለሚያምርብህ ቀን አስቀምጠው።

ምንተስኖት፦ ቢያንስ በስልክ...

አመለወርቅ፦ በስልክ? ከብት ነው የሞተበት?

ምንተስኖት፦ እሺ። እሺ፣ ተይው።

አመለወርቅ፦ የሱፍ ካልሲውን የት አደረግከው?

ምንተስኖት፦ የቱን?

አመለወርቅ፦ «ደሴ ብርድ ነው፣ እግሯን ይበርዳታል» ብሎ ለፋሲካ በአንተ በኩል የላከላትን።

ምንተስኖት፦ ማን ነገረሽ?

አመለወርቅ፦ ራሱ ደውሎ «ልኳ ሆነ ወይ?» ሲለኝ ምን እንደምመልስ አጥቼ መስመሩን ዘጋሁበት። የት ነው?

ምንተስኖት፦ ቁም ሣጥኔ ውስጥ።

አመለወርቅ፦ እሱንስ ምን አልከው?

ምንተስኖት፦ ደርሷታል አልኩት። ልኳ ነው፣ መርቃሃለች አልኩት።

አመለወርቅ፦ መርቃሃለች!

ምንተስኖት፦ ምን ልበለው? መጀመሪያ «ተኝታለች» አልኩት። ቀጥሎ «ፀበል ሄዳለች»። ቀጥሎ «ጆሮዋ ስልክ አልሰማ ብሏታል»። አንዱ ሌላውን እየጠራ መጣ። አሁን ፊቱ ቆሜ የትኛውን ላንሳ፣ የትኛውን ልጣል? ዓይኔን አይቶ «እስከ ዛሬ ስታጫውተኝ የነበርከው አንተ ነህ?» ቢለኝስ?

አመለወርቅ፦ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ምንተስኖት፦ አንቺ ብቻሽን ሂጂ። እስከ ጀልባዋ እሸኝሻለሁ። እኔ እዚሁ ሆኜ ሰዓቱን እከታተላለሁ፤ ስምንት ተኩል ሲሆን እደውልልሻለሁ።

አመለወርቅ፦ ደዋይ ልትሆን? አንተ ልጅ፣ አታፍርም ወይ?

ምንተስኖት፦ እፈራለሁ። ማፈሩን ከጨረስኩት ቆየሁ።

አመለወርቅ፦ ቆይ፣ ስልኬ ጮኸ። ለተብርሃን ትሆናለች። መነጽሬን ከላይ ረስቼዋለሁ፤ አንብብልኝ።

ምንተስኖት፦ አምጪው።

አመለወርቅ፦ ምን ትላለች?

ምንተስኖት፦ ...ምንም።

አመለወርቅ፦ ፊትህ ምንም አይልም። አንብብ!

ምንተስኖት፦ «እትዬ አመለወርቅ፣ ስንሻውን ቤት አጣሁት። በጠዋት ወጥቶ ጀልባው የሚደርስበት መድረክ ላይ ቆሟል። ከክሊኒኩ ተሽከርካሪ ወንበር ተውሶ ይዟል። ብርድ ልብስም አንጥፎበታል። ለማን ነው ብዬ ብጠይቀው ‹ለእናቴ› አለኝ። ወዳጆቹም አብረውት ቆመዋል። ምን ልበለው?»

አመለወርቅ፦ እንደምንመጣ ማን ነገረው?

ምንተስኖት፦ እኔ። እሑድ ዕለት። ድንገት ቢያየን ልቡ ይደነግጣል ብዬ ነው።

አመለወርቅ፦ እሺ፣ እኛ እንመጣለን አልከው። እማዬን ማን ጨመራት?

ምንተስኖት፦ ራሱ ነው። «እትዬ እማዬን ለማንም ጥላ አትመጣም። ሁላችሁም ናችሁ አይደል?» አለኝ።

አመለወርቅ፦ ምንተስኖት፣ አንተስ ምን አልከው?

ምንተስኖት፦ ሁላችንም ነን አልኩት።

አመለወርቅ፦ አምላኬ!

ምንተስኖት፦ ሳቀ፣ እትዬ። ከተቀደደ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። «ሰባት ዓመት ሆነኝ እኮ ካየኋት» አለና ሳቀ። ያንን ሳቅ እንዴት ልግደለው? ማረም እችላለሁ ብዬ ነበር። ሰኞ እደውላለሁ አልኩ፣ ማክሰኞ አልኩ፣ መርከቡ ተነሳ።

አመለወርቅ፦ ለዚህ ነዋ አልወርድም ያልከው።

ምንተስኖት፦ ለዚህ ነው።

አመለወርቅ፦ እኔን ብቻዬን ልከህ... እኔ ከጀልባ ስወርድ ከኋላዬ እናቱን ሊፈልግ! አሁን ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? ይቆጥራል። አንድ፣ እኔ። ሁለት፣ አንተ ብትኖር። ከዚያ ወንበሩን ጠጋ ያደርጋል። ጀልባዋ ባዶ እስክትሆን ይጠብቃል።

ምንተስኖት፦ አቁሚ።

አመለወርቅ፦ ኮፍያና ካሜራ በያዘ መንገደኛ መሀል፣ የቆመበት ቦታ ላይ መርዶውን ከባዶ ጀልባ ይሰማል።

ምንተስኖት፦ አቁሚ አልኩሽ! ...እንግዲያው አንውረድ። ጉም ነው፤ ጀልባው ተሰረዘ እንበለው። ብዙ ጊዜ ይሰረዛል፤ ትናንት በመንገደኞቹ ስብሰባ ላይ የመርከቡ ሰዎች ራሳቸው ብለውናል። ያምነናል።

አመለወርቅ፦ በመስኮት ተመልከት እስቲ።

ምንተስኖት፦ ምኑን?

አመለወርቅ፦ ከተማው ይታያል። ጣሪያው ቀይ የሆነው ቤት ይታየኛል፣ የጀልባው መድረክ ይታየኛል። እኔ እሱን ካየሁ እሱም መርከቡን ያያል። ሌላ ውሸት አትፈልግ።

ምንተስኖት፦ አሥራ ስድስት ተጠራ። ተጀመረ።

አመለወርቅ፦ ስማኝ። አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ።

ምንተስኖት፦ አሁን? አሁን ነው?

አመለወርቅ፦ አሁን ነው። የመጨረሻዋ ዕለት፣ አንደበቷ ሳይዘጋ፣ እማዬ «ስንሻው በላ?» አለችኝ። ሕፃን ሳለ እንደምትጠይቀው። «በልቷል» አልኳት። «ልቡስ?» አለች። «ድኗል» አልኳት። «እንግዲያው ንገሪው፣ ቅር አልተሰኘሁበትም በይው» አለች።

ምንተስኖት፦ በምኑ ቅር ልትሰኝ?

አመለወርቅ፦ ሲሄድ ሳይሰናበታት ነው የሄደው። ታለቅስብኛለች ብሎ በር ሳይከፍት በአጥር ዘሎ። ያን እያሰበ ነው ሰባት ዓመት የኖረው። ለዚህ ነው በየሳምንቱ የሚደውለው። ለዚህ ነው በስልክ የማይነገረው።

ምንተስኖት፦ ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?

አመለወርቅ፦ እንዳይከፋህ።

ምንተስኖት፦ ለምን ይከፋኛል?

አመለወርቅ፦ ያንተን ስም አልጠራችም፣ ምንቴ። አንተ ደህና ነበርክ። እናት ደህናውን አትጠራም። ግን ይከፋሃል ብዬ ያዝኩት።

ምንተስኖት፦ አሥራ ዘጠኝ አሉ። ሃያም አሉ።

አመለወርቅ፦ ተከፋህ?

ምንተስኖት፦ አልዋሽም፣ ከፋኝ። ...ደግሞ ቀለለኝ። እሱ በየሳምንቱ «ምን አለች?» ሲለኝ ከሆዴ እየፈጠርኩ ነበር የምነግረው። እውነተኛው ቃል አንቺ ዘንድ ነበር ለካ።

አመለወርቅ፦ እኔም ዋሽቼሃለሁ እንግዲህ። ፈራጅ ሆኜ የተቀመጥኩብህ እኔ።

ምንተስኖት፦ ስልክሽን ስጪኝ። ለለተብርሃን ልጻፍ።

አመለወርቅ፦ ምን ልትል?

ምንተስኖት፦ «ከመድረኩ ወደ መኪናሽ ውሰጂው፣ አስቀምጪው፣ መድኃኒቱን ስጪው። ውሃም ይኑርሽ። ወንድሙ ለብቻው ሊያነጋግረው ይፈልጋል በይው።»

አመለወርቅ፦ ወንድሙ?

ምንተስኖት፦ አዎ። ሁላችንም ነን ያልኩት እኔ ነኝ፤ እንዳልሆንን የምነግረውም እኔ ነኝ። የእማዬን ቃል አንቺ ታደርሺለታለሽ። ይምታኝ፣ ይትፋብኝ፣ እሱ ያውቃል።

አመለወርቅ፦ አይመታህም።

ምንተስኖት፦ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

አመለወርቅ፦ ሃያ ሦስት አሉ?

ምንተስኖት፦ ሃያ ሦስት አሉ። ተነሺ።

አመለወርቅ፦ ከደሴ ጀምሮ ስፎክር መጥቼ አሁን ፈራሁ።

ምንተስኖት፦ ክንዴን ያዢ። እንዲህ። ሰልፉን ያዢና ጠብቂኝ፤ ፓስፖርታችንንና የግፊት መድኃኒትሽን ከክፍላችን ይዤ፣ ለመርከቡም ሰዎች ነግሬ መጣሁ።

አመለወርቅ፦ ምን ብለህ ልትነግራቸው? ዘጠኝ ተኩል ላይ እንመለስ የለ?

ምንተስኖት፦ ከወንድማችን ጋር የእማዬን ሰልስት ሳንቀመጥ ወዴት ነው የምንመለሰው፣ እትዬ?