ሁለት ጠርሙስ፣ አንዲት ዝንብ

ለመመረቂያ ጽሑፌ መካነ ብርሃን ወርጄ፣ የወንዝ ዝንቦችን በአካላቸው እያየሁ ዘር በዘር እለይ ነበር። ክንፈ ደብዛዛዎቹን በአንድ ጠርሙስ፣ ክንፋቸው እንደ መስታወት የጠራውን በሌላ ከተትኩ። ማሳቸውን የሚያጠጡት አያ አድማሱ ጎንበስ ብለው አዩና «ልጄ፣ ምነው አንዷን ለሁለት ከፈልካት? ክንፍ ካወጣች በኋላም እኮ አንዴ ልብሷን ታወልቃለች። እስኪመሽ ቆይ፣ ላሳይህ» አሉኝ። «አያ፣ ክንፍ ያወጣ ነፍሳት ቆዳውን አይጥልም» አልኳቸው ኮራ ብዬ። ሳቁብኝ። «የእኔም የቤት ስሜ አድማሱ ነው፤ የክርስትና ስሜ ሌላ። ታዲያ ሁለት ሰው ነኝ?» ማኪና እንዳያመልጠኝ ብዬ ጥያቸው ሄድኩ።

ጎንደር ስገባ መምህሬ ሁለቱንም ጠርሙስ በማይክሮስኮፕ አይቶ «አንድ ዘር ናቸው፤ ከነፍሳት ሁሉ ክንፍ አውጥታ ቆዳዋን የምትጥል የወንዝ ዝንብ ብቻ ናት» አለኝ። የምገባበት ጠፋኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ተመልሼ ስሄድ፣ መንገዴ ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ይደረጋል። ቄሱ የሟቹን ስም «ወልደ ሚካኤል» እያሉ ያነሳሉ። የማላውቀው ሰው ነው ብዬ፣ ተሳልሜ አለፍኩ። የአያ አድማሱ በር ዝግ ነው። አራስ ጎረቤታቸው ከቤቷ ብቅ ብላ «ምነው፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አይደል የመጣኸው? እየቀበሯቸው እኮ ነው» አለችኝ።