የአንድ ጣት ትርፍ

በኛ ጊዜማ ልብስ የሚሰፋው ለሁለት ሰው ነበር፤ አሁን ፊትህ ለቆመው ልጅና ከሁለት ዓመት በኋላ አድጎ ለሚመጣው ልጅ። እናንተ ተሰፍቶ የተሰቀለውን ስለምትገዙ ይህን አታውቁትም። ሰው ልጁን ይዞ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ሱቄ ይመጣና «ጋሽ ይመር፣ ለዒድ ነው፣ ግን ቶሎ እንዳይጠበው» ይለኛል፣ እኔም ከውስጥ በኩል አንድ ጣት ሙሉ ጨርቅ ትርፍ እተዋለሁ፣ ልጁ ሲያድግ ሱሪውን ይመልሱልኛል፣ ስፌቱን ተርትሬ አሰፋዋለሁ፣ እና ያው ሱሪ ለሌላ ዒድ ይደርሳል። አንድ ጣት ትርፍ። ወላሂ ሰው የሚያውቀኝ በሷ ነበር።

ታዲያ ተሰፍቶ የሚመጣው ልብስ በዛና ሱቁን ዘጋሁት። ሀዋ ልጄ፣ አንቺ ታስታውሺ የለም? በር ላይ ቁጭ ብዬ ባጃጅ ሳይ ነበር የምውለው። የሚያልፈው ሁሉ ሰላም ይለኛል፣ ያከብረኛል፣ ግን የሚፈልገኝ የለም፣ እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፍቶኝ ነበር። እጄ ሥራ ሲፈታ እኔም አብሬ የተዘጋሁ መሰለኝ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ዘይነብ፣ ያቺ ከቢስቲማ የመጣችው፣ መጣችና የስፌት ማህበር ገብቻለሁ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ትምህርት አለ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየቀጣጠልን ብርድ ልብስ እንሰፋለን አለችኝ። እኔ ሳቅሁ። ድሪቶ ነዋ አልኳት። ድሪቶማ እናቴ ቸግሯት ሰፍታዋለች፣ ደግሞ ድሪቶ የሚማር ሰው አለ እንዴ አልኳት። ዘይነብን ታውቋት የለ፣ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ «አይ ጋሽ ይመር፣ መጀመሪያ ይዩት፣ ከዚያ ይስቃሉ» አለችኝ።

ሄድኩ። ሴቶቹ አሥራ አምስት፣ ወንድ እኔ ብቻ። አስተማሪዋ ምሕረት የምትባል የኮምቦልቻ ልጅ ናት፣ በየማክሰኞው የፋብሪካ ቁርጥራጭ በጆንያ ይዛ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ትመጣለች። ጴንጤ ናት፣ ስትሰፋ መዝሙር ታንጎራጉራለች፣ ዙህር ሲደርስ ደግሞ እኔ ሰግጄ እስክመለስ የስፌት መኪናዎቹን ሁሉ ታስቆማለች። «ጌታ ይባርክዎት» ስትለኝ «አሚን» እላታለሁ። እንዲህ ነው የምንግባባው።

እና ስፌቱ ድሪቶ አይደለም ልጆች። ድሪቶ ጨርቁ በተቀደደበት ነው የሚለጠፈው። ይሄኛው ግን ቁርጥራጩን እኩል ትቆርጡታላችሁ፣ ቀጣጥላችሁ አንድ ካሬ ታደርጉታላችሁ፣ ካሬውን ከካሬ ታጋጥማላችሁ፣ ከዚያ ጥጥ ከመሀል፣ ገበር ከሥር፣ እና ሦስቱን አንድ ላይ ትሰፉታላችሁ። ሳየው ልቤ ሄደ። ልጅቱ በመጀመሪያው ቀን የነገረችን አንድ ነገር ነው፣ ከስፌቱ ወዲያ የሚተርፈው ጨርቅ የጥፍር ያህል ብቻ ይሁን፣ የሁላችንም እኩል ይሁን፣ ካልሆነ ካሬው ከካሬ አይገጥምም አለች። ሰማሁ፣ አልሰማሁም አልልም። ይሄ ለሴቶቹ ነው አልኩ በልቤ። እኔ ስንት ዘመን የሰፋሁ ሰው የጥፍር ያህል? እጄ እንደለመደው አንድ ጣቱን ተወ።

ታዲያ ካሬዬን ስሰጣት ትገለብጠዋለች፣ አየት ታደርገውና «እጅዎ ይባረክ ጋሼ» ትለኛለች፣ ከዚያ የሁላችንንም ሰብስባ ቤቴ ወስጄ ልተኩሰው ትላለች። በሳምንቱ ይዛው ስትመጣ የኔ ካሬ ከሌላው ጋር ልክክ። እኔማ ደረቴን ነፋሁ። ሴቶቹንም ማረም ጀመርኩ፣ ዘይነብ ይሄ ጠሟል፣ አንቺ ልጅ ክርሽ ላልቷል፣ እንዲህ ነው መርፌ የሚያዘው እያልኩ። አንዷ ሳቋን በነጠላዋ ስትሸፍን አይቻለሁ፣ አድናቆት ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ የማጋጠሚያው ቀን ደረሰ። ኮምቦልቻ ባዛር ላይ የሚሰቀል፣ የሁላችንም እጅ ያለበት አንድ ትልቅ ብርድ ልብስ ነው። የቀሩኝን አራት ካሬዎች እዚያው ቁጭ ብዬ ጨረስኩ፣ ምሕረት ሐረጎ ላይ ጉም ይዟት ዘግይታለች፣ እና እሷ ስትደርስ አራቱን ከሌላው ጋር ሰፍተናቸው ነበር። መሬት ላይ ዘረጋነው። ሦስቱ ማዕዘን ተኛ። አንደኛው ማዕዘን ተሸብሽቦ ጉብ አለ።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? ከኔ አይደለም አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ። ጥፋቱ ከጎኑ ካለው ካሬ ነው አልኩና ዘይነብን አስተረተርኳት። ተረተረች፣ መልሳ ሰፋች፣ አሁንም ጉብ። ድጋሚ ተርትሪው አልኳት። ምሕረት አንገቷን ደፍታለች፣ እኔ ብቻ ነኝ የምናገረው። ዘይነብ መቀሷን አስቀመጠችና «ጋሽ ይመር፣ እስኪ ገልብጠው ይዩት» አለችኝ።

ገለበጥኩት። አራቱ ካሬዎቼ አንድ ጣት ትርፋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፣ ትርፉ በልቷቸው አንሰዋል፣ ያነሱት ደግሞ ጎረቤታቸውን ስበውታል። እሺ፣ ይሄ አንድ ነገር ነው። ዓይኔ ወደ ሌሎቹ ካሬዎቼ ሄደ። ትርፋቸው የጥፍር ያህል። እኔ ደግሞ የጥፍር ያህል ሰፍቼ አላውቅም። ቀረብ ብዬ አየሁ፣ እኔ ስፌት ስጨርስ መርፌውን ወደ ኋላ ሁለት ጊዜ ነው የምመልሰው፣ ይሄ ሦስት ጊዜ ተመልሷል። ከስፌቱ ወደ ውስጥ ደግሞ የድሮው መርፌ ቀዳዳ በመስመር በመስመር ቀርቷል። የኔ መስመር ነው። ተተርትሯል።

«ይሄ የማን እጅ ነው?» አልኩ።

ምሕረት፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «የኔ ነው ጋሼ» አለችኝ። «የአባቴን ሱሪ የሰፉ ሰው ነዎት፤ ተሳስተዋል ብዬ እንዴት ልንገርዎት?»

ሁሉንም ነው ብዬ ጠየቅኋት። ሁሉንም ነው አለችኝ። ሴቶቹም ሁሉ ያውቁ ነበር።

መቀሴን አንስቼ ወጣሁ። ያን ሳምንት ቤት ዋልኩ፣ ሀዋ አሞታል እንዴ ብላ ስትጨነቅ ነበር፣ አላመመኝም፣ አፍሬ ነው። ተናድጄም ነው። ያ ሁሉ እጅዎ ይባረክ ለካ ለሽማግሌ የሚሰጥ መቀመጫ ነበር፣ እያልኩ። ከዚያ ምሕረትን እኔ ራሴ ላሳያት ብዬ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ የጥፍር ያህል ልተው ብዬ ጀመርኩ፣ ያረቢ፣ እጄ እምቢ አለ። ጨርቁን ወደ ጥፍሩ እነዳዋለሁ፣ ወደ ጣቱ ይመለሳል። ተረተርኩ፣ ሰፋሁ፣ ተመለሰ። ያኔ ገባኝ። ይሄን ብቻዬን አልችለውም፣ የሚያስተምረኝ ሰው ያስፈልገኛል።

ታዲያ ጥምጣሜን ጠመጠምኩ፣ ነጭ ጋቢዬን ለበስኩ፣ ከዘራዬን ያዝኩና ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ቤቷ ሄድኩ። እናቷ በሩን ከፍታ ስታየኝ ደነገጠች። ያላገባች ልጅ ያለችበት ቤት፣ ሽማግሌ ነጭ ለብሶ ሲመጣ ምን ትበል? ልጇን ሊጠይቅ የመጣ መሰላት። ወንበር ታቀርባለች፣ መልሳ ታነሳለች፣ እኛ እኮ ጴንጤዎች ነን ትላለች፣ እሱንማ አውቃለሁ እላታለሁ፣ ልጅቱ ገና ናት ትላለች፣ ገና መሆኗንም አውቃለሁ እላታለሁ። የመጣሁት ትምህርት ልለምን ነው ስላት በሳቅ ብዛት ግድግዳ ያዘች።

ምሕረትን እንዲህ አልኳት፣ «ልጄ፣ እስከዛሬ እንግዳ አድርጋችሁ አስቀመጣችሁኝ። ከዛሬ ጀምሮ ተማሪ አድርጊኝ፤ ስሳሳት ንገሪኝ።»

አስቀመጠችኝ። ጨርቁ ላይ በጠመኔ አሰመረችልኝ። ሰፋሁና ሰጠኋት። ገለበጠችው። እጅዎ ይባረክ ልትል አፏን ስትከፍት ዓይኔን አፈጠጥኩባት። ምራቋን ዋጠችና «ጋሼ... ይተርትሩት» አለችኝ።

ደስ አለኝ። ወላሂ ደስ አለኝ። ሱቄን ከዘጋሁ ወዲህ ስለ ሥራዬ እውነቱን የነገረኝ ሰው እሷ ናት። አምስት ጊዜ ተረተርኩ፣ በስድስተኛው ዝም ብላ ከሌሎቹ ካሬዎች ጋር አስቀመጠችው፣ እጅዎ ይባረክም አላለችኝ። እነዚያን አራቱንም እንዲሁ መልሼ ሰፋኋቸውና ብርድ ልብሱ ባዛሩ ላይ ተሰቀለ፣ አራቱም ማዕዘን ተኝቶ። ለዘይነብም ካሣ ብዬ የሷን ሁለት ካሬ እኔ ሰፋሁላት፣ እሷ ደግሞ አንዱን አስተረተረችኝ፣ ሆን ብላ ይመስለኛል።

እና ልጆች፣ ሰው ሲያከብራችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ግን አንዳንዴ ገልብጣችሁ እዩት። ሀዋ፣ ምን ያስቅሻል?

«አይ አባባ፣ እንዲያው እውነት ከተፈቀደ ብዬ ነው።»

ተናገሪ።

«ያ የሰርጌ ቀሚስ፣ እርስዎ የሰፉልኝ... ወገቡ ላይ ከውስጥ የተዉት ትርፍ ቀኑን ሙሉ ሲፈገፍገኝ ነው የዋለው። ያለቀስኩት ከቤት ስለወጣሁ መስሏችሁ ሁላችሁም አብራችሁኝ አለቀሳችሁ።»

ሱብሃን አላህ። ይሄን ሁሉ ዓመት? በይ ቀሚሱን አምጪው። መቀሴንም።