ጫካ ውስጥ የዘመመው ጆሮ

የተከበራችሁ ቤተሰቦቿ፣ ጎረቤቶቿ፣ የሥራ ባልደረቦቿ፤ ለእሷ ብላችሁ መቃብሯ አጠገብ ፀሐይ ላይ የቆማችሁ ሁሉ። አናጺው ነኝ። ንግግር አልችልም። ግን ዝም ብዬ ከዚህ መሄድም አልችልም።

አሥራ ስድስት ዓመት አብሬያት ሠራሁ። በየዓመቱ ጫካ ውስጥ አንድ ቅርጽ ትሠራለች። ከወደቀ ቅርንጫፍ፣ ከልጥ፣ ከጭቃ። በየዓመቱ ዝናብ እንዲበላው ትተወዋለች። ምስማር የለም። ሙጫ የለም። የመጀመሪያው ቀን የመሣሪያ ሳጥኔን ይዤ ስደርስ፣ «አናጺው፣ ምስማሩን መኪና ውስጥ ተውልኝ» አለችኝ።

«ታዲያ በምን ላያይዘው?»

«በልጥ። በትዕግሥት።»

«ልጡስ እሺ፤ ትዕግሥቱን ከየትኛው ሱቅ ልግዛ?»

ሳቀች። ያን ሳቅ የማያውቅ እዚህ አለ?

ከቅርንጫፍ የሠራነውን ፈረስ ያያችሁ አላችሁ? አንገቱን ወደ ጅረቱ ደፍቶ የቆመውን? እኔ ሲፈርስ ማየት አልቻልኩም። እንዴት ይህ ይበሰብሳል? እሷ በሌለችበት እሑድ ሄጄ አራቱንም እግሮቹን ቫርኒሽ ቀባኋቸው። ሰኞ መጣች። አሸተተች። አልጮኸችም። ብርጭቆ ወረቀት እጄ ላይ አስቀመጠች። ሦስት ቀን ፋቅሁ። ስጨርስ ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ጉንዳኖቹ ዞረው ሄደዋል። ባለቤቶቹን አባረርክብኝ እኮ» አለች።

ሰው ከዚህ አይማርም? እኔ አልተማርኩም።

የመጨረሻ ሥራዋ ጆሮ ነው። ሰው ገብቶ የሚቀመጥበት ትልቅ ጆሮ። ሆስፒታል ልጠይቃት ስገባ፣ ከሰላምታ በፊት፣ «ዘመመ?» አለችኝ። ዘሞ ነበር። ግራ ጎኑ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ግን ታማለች፤ ምን ልበላት? «ኧረ ምን ሲደረግ! እንደ ዓለት ቆሟል» አልኳት። ደስ እንዲላት ብዬ።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እንግዲያው ከልክ በላይ አጥብቀን አስረነዋል» አለች።

እውነቱን አልነገርኳትም። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በማግስቱ ስመለስ አልጋዋ በአዲስ አንሶላ ተነጥፏል።

ከትናንት ወዲያ ታላቅ እህቷ ጠሩኝ። «ጆሮውን ነቅለህ የኤግዚቢሽን አዳራሽ አስገባልኝ። የአዳራሹ ኃላፊ የመስታወት ሳጥን አሠራለታለሁ ብለውኛል። ከእሷ ሌላ ምን ቀረኝ?» አሉኝ። እሺ አልኩ። ማን እምቢ ይላል? ሄጄ፣ መልሼ ስገጥማቸው እንዳልሳሳት ቅርንጫፎቹ ላይ በጠመኔ ቁጥር መጻፍ ጀመርኩ። ሰባተኛው ላይ እጄ ቆመ።

እትዬ፣ ሰው ፊት እምቢ በማለቴ ይቅር ይበሉኝ። አልነቅለውም። ሌላ ሰው ልንቀል ብሎ ቢመጣም መንገዱ ላይ ያገኘኛል። ምን ቀረኝ ብለውኛል። እስኪወድቅ ድረስ በየእሑዱ እወስድዎታለሁ። መኪና እስከ ጫካው ጫፍ ይገባል፤ ከዚያ ክንዴን ይይዛሉ። ውስጡ እንቀመጣለን። እያነሰ ሲሄድ እናየዋለን። ያማል። አብረን እናየዋለን።

አንቺ ደግሞ፣ ወዳጄ፣ ዋሽቼሽ ነበር። ጆሮው ዘሟል። በደንብ ዘሟል። ሣር ወጥቶበታል። ስሟን የማላውቃት ወፍ ልጡን እየፈታች ለጎጆዋ ትወስዳለች። አጥብቀሽ አላሰርሽውም። ልክ አድርገሽ ነው ያሰርሽው።

ማንም አይነካውም። ደህና ሁኚ።