የተረፈው ነዳጅ ወዴት ይመለስ?

የቧንቧዬ ጎማ አልቆ ውሃው እየተንጠባጠበ አላስተኛ ስላለኝ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ልገዛ ወደ ብረታ ብረት ሱቅ ጎራ አልኩ። ከባንኮኒው ፊት የጎረቤቴ የአናጢው የእህት ልጅ ቆማለች። ተጠቅልሎ የታሰረ ቀጭን የአሉሚኒየም ቱቦ በትከሻዋ አንግታለች፤ ፊቷ በንዴት ቀልቷል። ባለሱቁ ከማዶ ሆኖ ይስቃል።

«እቱ፣ ይሄ እኮ የአንገት ጌጥ አይደለም። አጎትሽ ይምጡና እሳቸው ይምረጡ» ይላታል።

«እሳቸውማ አያስፈልግም ብለው ነው የቀሩት!» አለችና ፊቷን አዙራ ወጣች።

እኔም የመጣሁበትን ጉዳይ ረስቼ ተከተልኳት። ይህችን ልጅ ጂኦግራፊ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። እሷ ደግሞ የአውሮፕላን ጥገና ትምህርቷን በማዕረግ ጨርሳ፣ የሰው ሕይወት የሚያርፍባቸውን ሞተሮች እየፈታች ትገጥማለች። ለባለሱቁ ግን ያው ጌጥ መራጭ ናት። ልጆቻችንን ወጪ አውጥተን፣ እንቅልፍ አጥተን እናስተምራለን፤ ተምረው የመጡ ዕለት ግን አፋቸውን እንዲይዙ እንፈልጋለን። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያውኑ ለምን ላክናቸው?

«ምን ሆነሻል ልጄ?» አልኳት እንደደረስኩባት።

«መምህር፣ አጎቴ ነገ እናቴን ይዘዋት ሊበሩ ነው።»

«ይሄማ ደስ ይላል እንጂ ያስቆጣል እንዴ?»

«ነዳጁ ወዴት እንደሚሄድ ልብ በማይሉት አውሮፕላን ሲሆን ያስቆጣል!»

አጎቷ ከቤቱ ጓሮ ባለው ሰፊ መጋዘን ውስጥ በገዛ እጁ አውሮፕላን መሥራቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ክንፉን ከእንጨት አበጅቶ ሸራ ሲያለብስ፣ አልፎ ሂያጁ ሁሉ በበሩ ቀዳዳ እያጮለቀ «እብዱ አናጢ» ይለው ነበር። በቅርቡ ብቻውን ተነሥቶ ከሰፈሩ ዳር ካለው አውሮፕላን ሜዳ ሳይርቅ ዞር ዞር ብሎ ሲያርፍ ግን ስሙ ተለወጠ፤ «ካፒቴን» ሆነ። ከዚያች ቅዳሜ በማግስቱ ደግሞ ተራራውን ተሻግሮ ታላቅ ወንድሙ ዘንድ ሊደርስ፣ አንድያ እህቱን ከጎኑ ሊያስቀምጥ ቀጠሮ ይዟል።

መጋዘኑ ስንደርስ የክንፉን ጫፍ በጨርቅ ሲወለውል አገኘነው። እህቱም ወንበር ላይ ተቀምጣ ለጉዞው የገዛችውን ሻርፕ ታጣጥፋለች። አናጢው እኔን ሲያይ ደስ ብሎት ተነሣ፤ በእህቱ ልጅ ትከሻ ላይ ያለውን ቱቦ ሲያይ ግን ደስታው ጠፋ።

«መምህር፣ እንኳን ደህና መጡ። አንቺ ግን ያንን ከዚህ አውጪልኝ።»

«አጎቴ፣ በእርጋታ ይስሙኝ...»

«ስሰማሽ ነው የሰነበትኩት! ጆሮዬ አለቀ እኮ!»

ጠብ ሊነሣ መሆኑን ስላየሁ መሐል ገባሁ። «ወዳጄ፣ እኔ ስለዚህ ነገር የማውቀው የለም። ነገሩን ከሥሩ አስረዱኝና ማን ልክ እንደሆነ ልስማ» አልኩ።

«ቀላል ነው» አለ አናጢው፣ ክንፉን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ። «በግራ ክንፍ አንድ ታንክ አለ፤ በቀኝ ክንፍ ሌላ። ከመቀመጫዬ አጠገብ መቀየሪያ አለችኝ፤ ወደ ግራ ሳዞራት ሞተሩ ከግራው ይጠጣል፣ ወደ ቀኝ ሳዞራት ከቀኙ። በቃ። ይህች ልጅ ግን ነዳጁ ተመልሶ ይሂድ ትለኛለች። የዋጠውን መልሶ የሚተፋ አለ?»

«መብረር የተማሩበት አሮጌው አውሮፕላን አይተፋም ነበር» አለች ልጅቷ ድምጿን እንደምንም ዝቅ አድርጋ። «ነዳጁ በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርዳል፣ ሞተሩ የሚበቃውን ይወስዳል፣ ይቆማል። ይሄ አዲሱ ሞተር ግን በኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው የሚመገበው። ፓምፑ በኃይል ይገፋል፤ ሞተሩ የሚያቃጥለው ግን ከሚመጣለት ጥቂቱን ነው። የተረፈው መመለስ አለበት።»

«እና አልመለስኩትም?» ብሎ ጮኸ አናጢው። «ይኸው! የመመለሻ ቱቦ ገጥሜያለሁ። ወደ ግራው ታንክ ይገባል።»

«የእኔም ጥያቄ እሱ ነው፤ ለምን ወደ ግራው ብቻ? ከቀኙ እየጠጡ ሲበሩ ትርፉ ወደ ግራ ይሄዳል። ቀኙ ካሰቡት ጊዜ በፊት ይደርቃል። ግራው ሙሉ ከሆነ ደግሞ ከክንፉ ሥር ባለው የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ ሞልቶ ወደ አየር ይፈሳል። ነዳጅዎን በገዛ ፓምፕዎ እየደፉ ነው የሚበሩት!»

ነገሩ ለእኔ እንኳ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። አናጢው ግን እጁን አወናጨፈ።

«ስለዚህ ሁልጊዜ ከግራው እጀምራለኋ! ግራው ሲጎድል ቦታ ይኖረዋል፣ የተረፈው ቢመለስ ይይዘዋል። ይሄ ጠፍቶኝ ነው? ሁለተኛ መመለሻ ቱቦ ልግጠም ብል ስንት መጋጠሚያ ይጨመራል? መጋጠሚያ በበዛ ቁጥር የሚያፈስ ቦታ ይበዛል። ክብደቱስ? ደግሞስ ይኸው በርሬበት አረፍኩ አይደል?»

«የበረሩት ለአጭር ጊዜ፣ ታንኩም ሳይሞላ ነው። መጋጠሚያ ያፈሳል ላሉት ልክ ነዎት፤ ግን መጋጠሚያ በግፊት ተፈትሾ፣ በዓይን ታይቶ ይታመናል። የሰው ማስታወስ በምን ተፈትሾ ይታመናል? ንፋስ ሲመታዎ፣ እናቴ ደንግጣ ስትጮህ፣ ከየትኛው እንደጀመሩ የሚያስታውስዎ ማነው?»

«እኔ ነኛ! ትናንት አፍንጫዋን ስጠርግላት የነበረች ልጅ ዛሬ ይረሳሉ ትበለኝ?»

እዚህ ላይ እናቲቱ ሻርፑን ጉልበቷ ላይ ጣል አድርጋ ተናገረች። «ልጄ፣ ተይ። ወንድሜን በሰው ፊት አታዋርጂብኝ። ዕድሜ ልኩን እንጨት ሲያበጅ አንድ ቤት ፈርሶበት ያውቃል?»

«እማዬ፣ እኔ እኮ የምለምነው ለአንቺ ነው!» ልጅቷ እንባዋ መጣ፤ የሐዘን ሳይሆን የቁጣ እንባ። «የሰው አውሮፕላን ስጠግን ቃሌ ይታመናል። ‹አይበርም› ካልኩ አይበርም። የራሴ እናት ስትሳፈር ግን ዝም በይ እባላለሁ። ለምን? እዚህ ቤት ስላደግኩ?»

እውነቱን ለመናገር እኔም ደሜ ፈላ። አንድን ቃል ከባዕድ አፍ ሲመጣ ሙያ የምንለው፣ ከልጃችን አፍ ሲመጣ ድፍረት የምንለው እስከ መቼ ነው? ቃሉ ያው ነው፤ የተለወጠው የእኛ ኩራት ብቻ።

«ወዳጄ» አልኩ፣ «እኔ የማስታርቃችሁ በነገር አይደለም። ሁለቱም ታንኮች ለነገው ጉዞ ሞልተዋል አይደል? አውጥተን ግቢው ላይ እናቁመው። ሞተሩ ሳይነሣ ፓምፑን ብቻ ያስነሡና እንይ። እርስዎ ልክ ከሆኑ ልጅቷ ይቅርታ ትጠይቅዎታለች።»

«እግሬ ላይ ወድቃ ነው የምትጠይቀኝ!» አለና እጅጌውን ሰበሰበ።

አውሮፕላኑን ገፍተን ወደ ግቢው አወጣነው። ልጅቷ ከጎማዎቹ ሥር ጉማጅ እንጨት አስገባች፣ ከግራው ክንፍ ሥር ባልዲ አስቀመጠች፤ እሳት የሚባል ነገር በአካባቢው አለመኖሩን አረጋገጠች። አናጢው በእልህ ዘሎ ወንበሩ ላይ ወጣ፣ ቀበቶውን ሳይቀር አሰረ፣ መቀየሪያዋን ገጭ አድርጎ አዞረና ፓምፑን ለቀቀው። ፓምፑ እንደ ንብ ማንዛረር ጀመረ።

«ይኸው! ምን ሆነ? የሚፈሰው የታል?» እያለ ከላይ ሆኖ ይስቅብናል።

ልጅቷ ከግራው ክንፍ ሥር ቆማ ወደ መተንፈሻው ቀና ብላ ታያለች። ትንሽ ቆየና ከጫፉ ጠብ አለ። ቀጥሎ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ እንደ ክር ወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ እሷ ያስቀመጠችው ባልዲ ውስጥ ይንዥቀዥቅ ጀመር። የነዳጅ ሽታ ግቢውን ሞላው።

«አጥፉት! አጥፉት!» ብላ እናቲቱ ጮኸች።

አናጢው ፓምፑን አጠፋና አንገቱን አውጥቶ ባልዲውን አየ። «ይሄ እንዴት ይሆናል? እኔ እኮ ከግራው ነው...» ሲል ቆየና ወደ መቀየሪያዋ ዝቅ ብሎ ተመለከተ። ቀኝ ላይ ናት።

ማንም አልነካትም። ራሱ ነው ያዞራት። መብረር በተማረበት አሮጌው አውሮፕላን ምንጊዜም ከቀኝ ይጀምር ነበርና እጁ የለመደውን አደረገ፤ አፉ «ግራ» እያለ እጁ ቀኝን መረጠ። ያውም በቆመ አውሮፕላን ላይ፣ ያውም በተመልካች ፊት፣ ያውም «አልረሳም» ብሎ በማለ በደቂቃዎች ውስጥ።

ቀበቶውን ፈቶ ቀስ ብሎ ወረደ። ፊቱ እንደ ወረቀት ነጥቷል።

«መምህር፣ መቀየሪያዋን ልጅቷ ነክታት ነው ብዬ እንኳ እንዳላመካኝ እርስዎ አይተውኛል» አለ። ቀጥሎ እጁን አየና ተቆጣው፤ በእውነት ልክ እንደ ሰው ተቆጣው። «ይሄን እጅ አምኜ ነው እህቴን ላሳፍር የነበረው! ተራራው ላይ ሞተሩ ቢጠፋ የት ልወርድ ነበር? ማን ጣራ ላይ?»

እህቱ ነገሩ ከብዷት፣ «ታዲያ ወንድማችን እየጠበቀን፣ ሰዉ ሁሉ ሰምቶ፣ ነገ እንዴት ይሆናል?» አለች።

«ነገ አንበርም። ሰዉ ይሳቅ። የሚስቅ ሰው ወድቀን ቢያገኘን አያነሣንም።» ከዚያ ወደ እህቱ ልጅ ዞረ። «ልጄ፣ ባለጌ ነኝ፤ አዋረድኩሽ። ያንን ቱቦ አምጪው።»

እሷም እግሬ ላይ ይውደቁ አላለችም። ቱቦውን ከመሬት አንሥታ፣ «መጀመሪያ ታንኩን እናጉድል» ብቻ አለች።

ሥራው በጥድፊያ አልተሠራም። ከእያንዳንዱ ታንክ የሚጠጣ ቱቦ፣ ወደ እያንዳንዱ ታንክም የሚመለስ ቱቦ ተዘረጋ። የቀድሞዋ መቀየሪያ ወጥታ የሚጠጣውንም የሚመለሰውንም ቱቦ አብራ የምታዞር ገባች፤ አብራሪው ከቀኝ ቢጠጣ ትርፉ ወደ ቀኝ፣ ከግራ ቢጠጣ ወደ ግራ ይመለሳል። ቱቦው ከሞተሩ ግለት ራቅ ተደርጎ ታሰረ፣ ከብረት እንዳይፋተግም ተደገፈ። አናጢው የፈራቸው መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ በግፊት ተፈተሹ፤ ከመካከላቸው አንዷ ስታፈስ ተገኝታ ተለወጠች። ያን ጊዜ ልጅቷ፣ «መጋጠሚያን መፍራትዎ ልክ ነበር አጎቴ» ስትለው የደስታ ፈገግታውን መደበቅ አቃተው።

ጥቅሙንም ኋላ ላይ ለእኔ ያስረዳኝ እሱ ራሱ ነው። ነዳጁ ከሞተሩ አጠገብ እየተሽከረከረ አይግልም፤ ወደ ሰፊው ታንክ ተመልሶ ይቀዘቅዛል። በግለት የተፈጠረ አረፋ ካለ ወደ ታንኩ ገብቶ ይወጣል፣ ፓምፑን አያንቀውም። ከሁሉ በላይ አብራሪው የሚያየው መጠን እውነተኛ ይሆናል፤ መለኪያው ቀኙ ግማሽ ነው ካለ ግማሽ ነው። እጁ ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱ ነዳጅ አይደፋም።

እህትና ወንድም ተራራውን ተሻግረው በሰላም ደርሰው ተመለሱ። ልጅቷ ከመነሣታቸው በፊት መጋጠሚያውን ሁሉ በእጇ ዳስሳ፣ «ይበራል» ብላ ነው የለቀቀቻቸው፤ ቃሏ እስኪሰማ ድረስም አናጢው ሞተሩን አላስነሣም።

ባለፈው ሰሞን ወደ አውሮፕላን ሜዳው ብቅ ስል የአናጢውን ጩኸት ከሩቅ ሰማሁ። እንደሱው በእጁ አውሮፕላን የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ባልንጀራው፣ «ለተራፊ ነዳጅ ሁለት ቱቦ ምን ይሠራል? ይህች ልጅ ደግሞ ምን አገባት?» ብሎ ኖሯል። አናጢው የባልንጀራውን ክንድ ጨብጦ ወደዚያው ወደ ሽማግሌው መጋዘን ይጎትተዋል።

«ና! ና አልኩህ! ሞተር ሳታስነሣ ፓምፑን ብቻ ክፈት። እኔ አልነግርህም፣ እሷም አትነግርህም። ባልዲ ይዘህ ከክንፍህ ሥር ቁም!»