ባቡሩን ያቆዩላት ሰው

ባለቤቴ ዓለም አርፋለች። ለአርባዋ ቄሱ የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ፤ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። በምን ስም ይጸልዩላት? ወላጆቿ የሉም። የተወለደችበት የባቡር ጣቢያም ተዘግቶ ዛሬ ፍየል ያድርበታል። ከአባቷ ጋር እዚያ ሠርተው ሰቆጣ የተመለሱ አንድ አዛውንት እንዳሉ ሰምቼ ሄድኩ።

የመጣሁበትን ስነግራቸው «አንተ ደግሞ የምን ባል ነህ!» አሉኝ። ከዚያ ፈገግ አሉ። «ጣቢያው ቤተ ክርስቲያን አልነበረውም። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ልትነሣ ወደ ከተማ ሲወስዷት እናቷ ዘገየች፤ ባቡሩን በቀይ የምልክት ባንዲራዬ አቆየሁላት። ተሳፋሪው ሁሉ ሰደበኝ! ሲመለሱ ስሟን ጠየቅኩ፤ ወለተ ሚካኤል አሉኝ።»

ጉልበታቸውን ሳምኩና ስሟን ለቄሱ አደረስኩ። ቤት ገብቼ በልጃችን የክርስትና ካርድ ጀርባ የእናቷን የክርስትና ስም ጻፍኩ፤ ከሥሩ የእኔንም።