በአንድ እግር መቆም

ከቡራዩ ወደ አስኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ አጠገባቸው ካለችው ወጣት ቦርሳ ብቅ ያለውን የቴኒስ ኳስ ሲያዩ ቆዩና ጠየቋት።

«ኳስ ትጫወቻለሽ እንዴ ልጄ?»

«አይ አባባ፣ ለሥራ ነው። ለጥናት የልጆችን ትኩረትና የሰውነት እንቅስቃሴ እንለካለን።»

«እነ ጫልቱ ትምህርት ቤት የመጣችሁት እናንተ ናችሁ? የልጅ ልጄ ናት፤ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያላት።»

«አወቅኳት! ኳስ ስትቀልብ አንድም አላመለጣትም። ዶቃ መሰካትም ጎበዝ ናት። ዓይን ጨፍኖ በአንድ እግር መቆም ብቻ ነው ያቃታት።»

«ወደቀች?»

«አልሞከረችውም። ጨፍኚ ብላት፣ ብላት፣ እምቢ አለች። ትኩረት የላትም ብዬ ጻፍኩ።»

«አምና ተማሪዎቹ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው አስፋልት የወጡ ዕለት፣ ተኩስ ሲሰማ እናቷ አልጋ ሥር አስገባቻት። እስክመጣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ጠብቂኝ አለቻትና ወንድሟን ልትፈልግ ወጣች።»

«ከዚያስ?»

«ማታ እኔ ስደርስ ልጅቷ እንደጨፈነች ናት። እናቷን በማግስቱ ቀበርን።»

ወጣቷ ወረቀቶቿን ከቦርሳዋ አወጣች።

«አባባ፣ ቅጹ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለውም።»

«ተይው በቃ ልጄ። ወራጅ አለ!»

ለወትሮው ታክሲ ውስጥ ገና ከመቀመጤ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሰው፣ ያን ቀን እስከ አስኮ ዓይኔን አልከደንኩም።