ከፋሲካ ወዲህ የረጋው ዘይት

ከቢቸና ወደ ሞጣ በማለዳ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ገና ከከተማው ሳይርቅ ቀጥ ሲል፣ ጋቢና የተቀመጡት እናት ወደ ሹፌሩ ዞሩ።

«ምን ሆነ ደግሞ?»

«ትንሽ ብርድ መትቶት ነው እማማ።»

«ናፍጣ ብርድ ይመታዋል?»

«ናፍጣ ከየት ተገኝቶ? ምግብ ቤት የጠበሱበትን ዘይት ሰብስቤ፣ አጣርቼ ነው የምሞላው።»

«ለካ ለዚህ ነው ሳምቡሳ ሳምቡሳ ሲሸተኝ የነበረው።»

«ሁዳዴን በሙሉ ግን አንድ ቀን አላስቸገረኝም። ከፋሲካ ወዲህ ነው ጠዋት ጠዋት እንዲህ የሚያደርገው።»

«ዘይቱን ከሌላ ቤት ማምጣት ጀመርክ?»

«ኧረ ከዚያው ቤት ነው።»

«እዚያ ቤት አሁን ምን ይጠበሳል?»

ሹፌሩ ቁልፉን አንዴ ሞክሮ ተወው።

«ሥጋ።»

«ጮማው የት ይሄዳል?»

«እዚያው ዘይቱ ውስጥ ይቀልጣል።»

«ቅቤስ?»

«እሱም ጣል ይደረግበታል መሰለኝ።»

«ልጄ፣ የኔ ድስት እንኳ ቤት ውስጥ አድሮ ጠዋት ይረጋል። አንተ ስትገድፍ መኪናውን ለምን አስገደፍከው?»

«ፀሐዩ ጋ ድረስ ብንገፋው እኮ ይቀልጣል እማማ።»

«ነገም ልንገፋ ነው?»

«ምግብ ቤቱ ወደ ጾም ምግብ እስኪመለስ ነው እንግዲህ።»

«ሃምሳው ቀን መች ተጋመሰና። የሰኔ ጾም እስኪገባ ሞጣ በእግራችን ነው በለኛ።»

ወርጄ ከኋላ እየገፋሁ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጾም ቶሎ እንዲገባ ተመኘሁ።